የገመዱ ጫፍ

ሰባተኛ ወር፣ 4

የሁዌ አባት ገመዱን ቆርጦ ልጄን ለባሕር ሰጠው።

ይኸው ጻፍሁት። በየመንገዱ ከምናገረው እዚህ ይቀመጥ። ጓደኛዬ ነበር። አብረን ነው ያረጀነው። ጀልባዎቻችንን የሠራቸው አንድ አናጢ ነው። ልጄ ቲን ሞተሩ ጠፍቶበት በማዕበል መሃል በዚያ ሰው ጀልባ ሲጎተት፣ ሰውየው ገመዱን ቆረጠው። ገመዱም የእኔ ነበር። አለቀ።

ዛሬ ሌላ ነገር የለም። አሸዋ ተሸክሜ ወደ ማሳው ስመላለስ ዋልሁ። ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ገና በዘጠነኛው ወር ነው፤ አሸዋው ግን ካሁኑ ካልተነጠፈ ዋጋ የለውም። ታም፣ የቲን ሚስት፣ "አባባ ይረፉ፣ የቀረውን እኔ አደርሰዋለሁ" አለችኝ። መች ደክሞኝ? አልኋት።

ደክሞኝ ነበር።

ሰባተኛ ወር፣ 5

በረዶ ሻጯ "ሽማግሌው" ብላ ጠራችኝ። ስሜ ጠፋባት? አልጠፋባትም። በዚህ ደሴት ሰው የሚጠራው በበኩር ልጁ ስም ነው። ቲን ከተወለደ ጀምሮ የቲን አባት ነኝ። የራሴን ስም እናቴ ከሞተች ወዲህ የጠራው የለም። ካለፈው ዓመት ማዕበል ወዲህ ግን ሰዉ አፉ ላይ ሲደርስ ይውጠዋል። "የቲ…" ይላል፣ ከዚያ "ሽማግሌው"።

የልጄን ስም ሲፈሩ የእኔንም ወሰዱብኝ።

ሰባተኛ ወር፣ 9

የማውቀው ይህን ያህል ነው። ሞተሩ የጠፋው ሞገዱ ገና ሳይከፋ ነው። የቲን ሠራተኞች ወደ ሁዌ አባት ጀልባ ተሻገሩ። ቲን ቀረ። መሪ የሚይዝ ሰው የሌለው ጀልባ አይጎተትም፤ አንድ ሰው መቅረት አለበት፤ ባለቤቱ ቀረ። እኔም ብሆን እቀር ነበር። በዚህ የምከሰው ሰው የለም።

ከዚያ ማዕበሉ መጣ። ሠራተኞቹ ሁሉ፣ የእኛም የእሱም፣ ከታች ገብተው ውኃ ይቀዱ ነበር። ከላይ አንድ ሰው መሪ ላይ፣ ዓይኑ ወደ ፊት። ኋላ ገመዱ ዘንድ የሁዌ አባት ብቻ።

ወደቡ ላይ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ጀልባ ገባ። አንድ ብቻ። የሁዌ አባት ዘሎ ወረደና ሰው ሁሉ እየሰማ "ቆረጥኩት" አለ። ለምን? አልሁት። "ቆረጥኩት አልኩህ እኮ።" ይቅርታ እንኳ አላለም… እግሩ ሥር ተፋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገርሁትም።

ሰባተኛ ወር፣ 10

ታም የቲንን ነጠላ ጫማ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ምን ቆሻሻ አለበትና? ዓመት ሊሞላው ነው ማንም ያላደረገው።

ደርቆ ሲገባ አየሁት። የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል የተበላ ነው። እንዲህ ይራመድ ነበር፣ እንደ ዳክዬ። ስንት ጊዜ ተቆጣሁት። ምነው እንዳሻው በተራመደ።

ሰባተኛ ወር፣ 15

ጨረቃ ሙሉ። ዛሬ መቃብር የሌላቸው ነፍሳት የሚበሉበት ቀን ነው። ሰዉ በየደጁ ቀጭን የሩዝ ገንፎ ያወጣል፤ መንገደኛ ነፍስ ሁሉ ይልሳል። ከማሳ ስመለስ ታም ደጃችን ላይ አንድ ሳህን አስቀምጣለች። ከጎኑ የቲን ማንኪያ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ለእሱ ነው፣ አባባ።"

"ልጄ ለማኝ ነው? ከመንገድ ነፍስ ጋር ተጋፍቶ ገንፎ የሚልስ?"

"መቃብር የለውማ!" ብላ ጮኸችብኝ። እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። "እርስዎ መቃብሩን ከለከሉት፤ ታዲያ የት ይብላ?"

የነፋስ መቃብር ነው የምትለው። አካሉ ያልተገኘ ሰው ከጭቃ ይሠራል፤ አጥንቱ ከእንጆሪ ቅርንጫፍ፤ ጠሪው ነፍሱን ከባሕር ይጠራውና ጭቃው ውስጥ ገብቶ ይቀበራል። ዓመት ሳይሞላ መሆን አለበት። በጭቃው ሰው እጅ ላይ ግን አንድ ነገር ይቀመጣል፤ በዚያ ጉዞ እጁ የነካው፣ ባሕር ያልወሰደው። ያለዚያ ነፍሱ መንገዱን አያውቅም።

ጀልባውን ባሕር ወስዶታል። መረቡን፣ ኮፍያውን፣ ሁሉን። የቀረ ነገር ቢኖር በሁዌ አባት ጀልባ ኋላ ላይ ታስሮ የቀረው የገመዱ ቁራጭ ነው። ታም ይህን ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።

"ከዚያ ሰው አልለምንም" አልኋት።

"እኔ ልለምን?"

"አንቺም አትለምኚ።"

ሳህኑን አላነሣሁትም። ዝናብ ገባበት።

ሰባተኛ ወር፣ 16

ታም ፊቷን አዙራ ሩዙን አቀረበችልኝ። በላሁ።

ሰባተኛ ወር፣ 27

ማታ ማታ ጀልባዎች ሲገቡ በሞተራቸው ድምፅ እለያቸዋለሁ። ይህ የበረዶ ሻጯ ባል ነው፣ ያ የሁዌ አባት። የቲን ሞተር የወደቡ ጥግ ላይ ሲደርስ እንደ ሽማግሌ ያስል ነበር። "አስጠግነው" ስለው "ተወው አባዬ፣ ሳይስል ከገባሁ እማዬ ሩዝ የምትጥድበትን ሰዓት በምን ታውቃለች?" ይላል። እናቱ ከሞተች በኋላም አላስጠገነውም።

ዛሬም ጆሮዬ ጥግ ላይ ነበር። ሞኝ ጆሮ።

ስምንተኛ ወር፣ 2

ጠሪው ራሱ መጣ። ታም ናት የላከችበት፤ አልጠየቅኋትም። ከእኔ ያረጀ ነው፤ ግማሽ ደንቆሮ ነው፤ የሩዝ አረቄ ግን ሲቀዳ ይሰማል።

"ዓመቱ ሳይሞላ ነው የምጠራው" አለ። "ከሞላ ወዲያ ስሙን ይረሳል። ብትጠራው ዞር አይልም።"

"ልጄ ስሙን አይረሳም።"

"ሁሉም አባት እንዲህ ይላል።" ጨለጠው። "ያንተ ልጅ ደግሞ ቀላል ነው። ሌላ ሰው ነው የቆረጠበት። በገዛ እጁ የለቀቀ ቢሆን አልጠራውም ነበር። ራሱን ለባሕር የሰጠ የባሕር ነው፤ ከባለቤቱ ቤት ሰው አይሰረቅም። የጀልባ ጠጋኟን፣ ልጅሽን አልጠራም ያልኳት ለዚህ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ የእኔን ታንኳ አትጠግንልኝም፣ ውኃ እየጠጣሁ ነው የምሄደው።"

"እኔ ምን ይጠበቅብኛል?"

"አባት ጭቃው ፊት ቆሞ እንዴት እንደሄደ ይናገራል። አንድ የውሸት ቃል ከገባ ነፍሱ መንገድ ይስታል። በአንተ በኩል ስጋት የለኝም። ውሸት ብትናገር ምላስህ ይሰበራል።" ሳቀ። "የጎደለህ ገመዱ ብቻ ነው። ሂድና ተቀበለው፣ አንት ድንጋይ!"

አልሄድም። ለአንድ ክንድ ገመድ ብዬ እዚያ ሰው ደጅ አልቆምም።

ስምንተኛ ወር፣ 10

ዛሬ የታላቁ ዓሣ አጥንት በሚቀመጥበት የጸሎት ቤት ግብዣ ነበር። ጀልባዎቹ ወደ ሩቁ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት ሁሌ አለ። ሳልፈልግ ሄድሁ። ምንጣፉ ላይ ያስቀመጡኝ ከሁዌ አባት ፊት ለፊት ነው። ማን እንዳደረገው አውቃለሁ፤ ሊያስታርቁን ነው። በመካከላችን አንድ ትልቅ ዓሣ፣ ሙሉው። የላዩን ወገን በልተን ጨረስን። አጥንቱን አንሥቶ የታቹን መብላት ነው እንግዲህ፤ ልጅ ያውቀዋል።

የሁዌ አባት አጥንቱን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ቀደምሁት። በሁለቱ የመብያ እንጨቶቼ ያዝሁና ዓሣውን ገለበጥሁት።

ዓሣ ገለበጥህ ማለት ጀልባ ገለበጥህ ማለት ነው። ባሕር ሊወጣ በተዘጋጀ ሰው ፊት… አባቴ አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት የታናሽ ወንድሜን ጣት ሊሰብር ለጥቂት ነው የቀረው።

አንዱ "ኧረ ሽማግሌው!" አለ። ሌላው እንጨቱን ጣለ። የሁዌ አባት ግን ከተገለበጠው ወገን ቆረሰና በላ። ዓይኔን እያየ አላመጠ። ዋጠው።

ስምንተኛ ወር፣ 11

አልጸጸትም።

ስምንተኛ ወር፣ 19

ጀልባዎቹ ወጡ። እሱም ወጣ። ሚስቱ ወደቡ ላይ ስታየኝ "ተደሰት!" አለችኝ።

እግሬ ግን ጀልባው እስኪጠፋ ከዚያ አልተነሣም። ለምን?

ስምንተኛ ወር፣ 23

ሰማዩ ገርጥቶ የተላጠ ሽሪምፕ መስሏል። ባሕሩ ያለ ነፋስ ያብጣል፤ ሞገዱ ረጅም፣ ሰነፍ፣ ከሩቅ የመጣ። የመንደሩ ድምፅ ማጉያ አውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ተናገረ። እኔ ከትናንት ጀምሮ በጉልበቴ ቁርጥማት አውቄዋለሁ። የቲንን አሮጌ መነጋገሪያ ራዲዮ አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ። ታም አየችኝና ባትሪውን አመጣች።

ስምንተኛ ወር፣ 24

ሳልተኛ ልጻፍ።

ረፋዱ ላይ ነፋሱ ጣሪያ ማንሣት ጀመረ። እኔና ታም በሩን በጠረጴዛ ደግፈን ራዲዮው ሥር ተቀመጥን። ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ ሰው አልባዋ ደሴት ጀርባ እየሸሹ ነው። የሁዌ አባት ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል። ለምን ሲሉት፣ ከዋናው ምድር የመጣ አንድ ጀልባ፣ የማያውቃቸው ሰዎች፣ ሞተራቸው ጠፍቶ አግኝቷቸው እየጎተታቸው ነው።

ታም እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ኋላህ ውኃ እየገባ ነው?" አለ አንድ ድምፅ።

"እየገባ ነው።"

"ቁረጠው!"

"የሁዌ አባት፣ ቁረጠው፣ ሁላችሁም ታልቃላችሁ!"

"አልችልም" አለ። "ቢላ የለኝም።"

"ጀልባ ላይ ሆነህ ቢላ የለኝም? ዓሣ በምን ትሰነጥቃለህ?"

"በሚስቴ ምላስ።"

በዚያ ነፋስ ውስጥ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ። ከዚያ ጩኸት ብቻ። "ቁረጠው!" "አልቆርጥም አልኩ!" ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ሲናገር ሰማሁት፤ በምሥራቁ በኩል ወደዚያች ደሴት ሊገባ ነው። ያበደ ነው? ነፋሱ ሊዞር ነው። በጣሪያችን ጩኸት አውቀዋለሁ፤ እየዞረ ነው።

ራዲዮውን ያዝሁ። ተጫንሁት። ቃሉ አልወጣልኝም። ዓመት ሙሉ ለዚያ ሰው ቃል አላወጣሁም።

"በምዕራብ ግባ" አልሁ። "ነፋሱ ይዞራል። በምሥራቅ አለቱ ላይ ይጥልሃል።"

ነፋሱ ራዲዮው ውስጥ ጮኸ።

"ማን ነው?" አለ።

"ታውቀዋለህ።"

"…እሺ።"

ከዚያ በኋላ ራዲዮው ፉጨት ብቻ ሆነ። ያን ዓሣ አሰብሁ። የተገለበጠውን። አጥንቱን ባነሣው ምን ነበረበት?

ስምንተኛ ወር፣ 25

ከሰው አልባዋ ደሴት ጀርባ ገብተዋል። ሁለቱም ጀልባዎች፣ በምዕራብ በኩል። ሰው አልጠፋም። ታም አለቀሰች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ስምንተኛ ወር፣ 26

አንድ ነገር አልወጣልኝ አለ። የማያውቀውን ሰው ገመድ አልቆርጥም ብሎ ከሠራተኞቹ ጋር ሊሞት የነበረ ሰው… የቲንን ቆረጠ? በክንዱ ይዞ ያሳደገውን? ቲን መዋኘት የተማረው ከእሱ ነው፤ እኔ ትዕግሥት አልነበረኝም።

ደግሞ ቢላ የለኝም አለ። የዛሬ ዓመት ነበረው።

ስምንተኛ ወር፣ 28

ዛሬ ወደ ወደባችን ተመለሱ። ሄድሁ። ወደ ቤቱ። ደጁ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ሚስቱ ወጣች። "ምን ቀረህ? ምጣዱንም ልትገለብጥ መጣህ?"

"ባልሽን ነው የምፈልገው።"

የሁዌ አባት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ገመድ ልጦታል። እኔን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ።

"የገመዱን ቁራጭ ስጠኝ" አልሁት። "የቲንን።"

"የለም። ጣልኩት።"

"ለመቃብሩ ነው።"

የፊቱ ቀለም ተለወጠ። "ጣልኩት አልኩህ።"

ሚስቱ ሳቀች፤ ሳቅ አይደለም ግን። "ጣልኩት ይላል! ጣልኩት! ዓመት ሙሉ አልጋችን ሥር አስተኝቶት በእንቅፋት እግሬን የጨረሰው ማን ነው? ልጥለው ስል እንደ ሕፃን የሚቀማኝ ማን ነው?" ገባች። ጆንያ እየጎተተች መጣች። "ውሰደው! ገመዱንም ውሰድ፣ ከፈለግህ እሱንም ውሰደው!"

"ተዪ!" አለ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ለመነሣት ሞከረ፣ ጆንያውን ግን በእነዚያ እጆች ሊይዝ አልቻለም። "እዚህ አትፍታው" አለኝ። ቀስ ብሎ። "ቤትህ… ብቻህን።"

ተሸከምሁት። መንገድ ላይ ታወቀኝ። ለአንድ ክንድ ቁራጭ ከበደ።

ከቤቱ ኋላ፣ ታም ማሳ ሳለች፣ ፈታሁት። ገመዱ ሙሉ ነው። አልተቆረጠም። አንዱ ጫፍ እሱ ጀልባ ላይ የታሰረው ነው፤ የቋጠሮው ጠባሳ ይታያል። ሌላኛው ጫፍ… ሌላኛው ጫፍ ላይ ቀለበቱ አለ። እኔ በእጄ የጎነጎንሁት፣ ቀይ ክር ያስገባሁበት ቀለበት። ከቲን ጀልባ ፊት ባለው የማሰሪያ ግንድ ላይ የሚጠለቀው።

ያንን ግንድ አውቀዋለሁ። የብረት መስቀለኛ አስገብቼበታለሁ፤ ቀለበቱ በሞገድ ዘሎ እንዳይወጣ። በሞገድ አይወጣም። በሰው እጅ ብቻ ነው የሚወጣው። ገመዱ ሲላላ፣ በሁለት ሞገድ መሃል፣ በሁለት እጅ ከፍ አድርጎ፣ ከብረቱ በላይ አሳልፎ…

እዚያ ጀልባ ላይ የነበረው አንድ ሰው ነው።

ስምንተኛ ወር፣ 29

ልጄ ነው የለቀቀው።

ዘጠነኛ ወር፣ 1

የሁዌ አባትን ባሕሩ ዳር አገኘሁት። ጀልባው ደረቅ ላይ ወጥቷል፤ ታቹን እያየ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥሁ። ስንቀመጥ ጉልበታችን ተንጫጫ፤ የእኔም የእሱም።

"ንገረኝ" አልሁ።

"ምን ልንገርህ። ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ኋላዬ ወደ ታች ይሳባል። ውኃው እስከ ጉልበት ደርሷል። ከታች የስንቱ አባት አለ። ቢላውን አወጣሁ። አዎ፣ አወጣሁት። ገመዱ ላይ አደረግሁት። ቀና ስል ቲን ያየኛል።"

የጀልባውን ታች በተጠቀለለ እጁ ነካ አደረገ።

"እጄ እምቢ አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። እሱ መሪውን ትቶ ወደ ፊት መጣ። ወደቀ። ተነሣ። ገመዱን ሊያጠብቅ መሰለኝ፣ እግዜር ያየኛል፣ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ገመዱ ላላ ሲል አነሣው። ከዚያ እጁን ከፍ አደረገ።"

"እንዴት?"

"ጠዋት ከወደብ ስንወጣ እንደሚያደርገው።"

"ምን አለ?"

"ነፋስ ነበር። አልሰማሁም።"

"ምንም?"

"'ሂዱ' ያለ መሰለኝ። 'ዓሣው ሳይበላሽ ግቡ' ብሎም ይሆናል፤ ታውቀው የለ?"

አውቀዋለሁ። ሳቄ መጣ። ሳቅ ብቻ አልነበረም።

"ቢላውስ?"

"ወረወርኩት። ከዚያ ወዲህ ሌላ መግዛት አልቻልኩም።"

"ለምን ዋሸህ?"

መልሱን እንደ ቀላል ነገር ተናገረው። "በገዛ እጁ የለቀቀውን ጠሪው አይጠራም። አንተ ደግሞ መዋሸት አትችልም። አንድ ዋሾ ያስፈልግ ነበር።"

እግሩ ሥር ተፍቻለሁ። ዓሣ ገልብጬበታለሁ። በልቶ ዋጠው።

ዘጠነኛ ወር፣ 4

ከታም ጋር ነጭ ሽንኩርት ተከልን። እሷ ትጎረጉራለች፣ እኔ እጥላለሁ። ገመዱ መገኘቱን ነግሬያታለሁ። ሌላውን አይደለም።

"ጠሪው ለወሩ ዘጠኝ እሺ ብሏል" አለች። "ምን ብለው እንደሚናገሩ አስበዋል?"

"እውነቱን።"

"ጥሩ" አለች፤ ፊቷ በራ። ለስንት ጊዜ ያላየሁት ፊት ነው።

እውነቱን ከተናገርሁ ልጄ አይጠራም። ከዋሸሁ መንገድ ይስታል። ራሱን ለባሕር ሰጠ? አልሰጠም! ገመዱን ለጓደኞቹ ሰጠ እንጂ። ይህን ለዚያ ደንቆሮ ማን ያስረዳል? ሕጉ ሕግ ነው። እኔም ስለ ሕግ ብዬ ስንቱን ሰው አስለቅሻለሁ፤ አሁን ተራዬ ደረሰ።

ቲን ቢኖር ምን ይል ነበር? "አባዬ፣ ነገር አታክብድ" ይላል።

ዘጠነኛ ወር፣ 7

ታም ወንዝ ወርዳ የእንጆሪ ቅርንጫፍ ስትቆርጥ ቢላዬን ሳልሁ። ገመዱን ከቀለበቱ ሥር ያዝሁ። በዕድሜዬ የሰው ገመድ ቆርጬ አላውቅም። ጠንካራ ነበር፤ በደንብ ነው የጎነጎንሁት። ሲበጠስ እጄ ባዶውን ወደቀ።

ቆረጥሁት።

ዘጠነኛ ወር፣ 9

ዛሬ ሠሩት። ጭቃውን ከተራራው አመጡት። ጠሪው የእንጆሪውን አጥንት ደረደረ፣ ሥጋውን አለበሰ። እግሩን ሲሠራ "ቀኙን ወደ ውጭ አዙርልኝ" አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ። "እንደ ዳክዬ ነበር የሚራመደው" አልሁ። አዞረው። ታም ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች።

ሰዉ ሁሉ መጥቷል። የሁዌ አባት ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፣ እንደ ጥፋተኛ። ሠራተኞቹ እንኳ አጠገቡ አልቆሙም።

ጠሪው "እጁ የነካው፣ ባሕር ያልወሰደው?" አለ። ገመዱን ሰጠሁት። ጫፉን አገላብጦ አየው። ገመዱ በጨውና በዓመት ጠቁሯል፤ የተቆረጠበት ጫፍ ግን እንደ አዲስ ሩዝ ነጭ ነው። ጣቱን አሳለፈበት። እኔን አየኝ። ደንቆሮ ነው እንጂ ዕውር አይደለም።

"አባት ይናገር" አለ።

ቆምሁ። "ልጄ ቲን ከጓደኛዬ ጀልባ ኋላ ነበር። ማዕበል መጣ። የሚጎተትበት ገመድ ይህ ነው። በቢላ ተቆርጧል።"

አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ምላሴ አልተሰበረም።

ጠሪው ማን ቆረጠው ብሎ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ ሁሌ የሚጠይቅ ሰው ነው። ገመዱን በጭቃው መዳፍ ላይ አስቀመጠና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈበት። "ሌላ የሚጠየቅ የለም" አለ። ወደ ባሕሩ ዞረ። የልጄን ስም ጠራ። በዚያች ቀጭን ድምፁ፣ ሰው ሁሉ ዓመት ሙሉ የፈራውን ስም፣ ጮክ አድርጎ፣ ደጋግሞ።

እኔም ጠራሁ። መጥራት የእሱ ሥራ ነው፤ ግን ጠራሁ።

ቀበርነው።

ዘጠነኛ ወር፣ 12

ዓመቱ ዛሬ ሞላ። ጠዋት ወደ መቃብሩ ሄጄ ተቀመጥሁ። ከዚያ ባሕሩ ይታያል። ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ልጁን ሲጎበኝ ምን ይላል? ነጭ ሽንኩርቱ መብቀሉን ነገርሁት።

ናፍቆቱ አልቀነሰም። ግን አሁን የምሄድበት ቦታ አለው።

ቀትር ላይ በደጃችን "የቲን አባት!" የሚል ድምፅ። ሙሉውን። ሳይውጥ። የሁዌ አባት ነው፤ በሁለት ጣቱ አንድ ዓሣ አንጠልጥሏል። "ሚስቴ ናት የላከችው። ከገለበጥከው ምላሷን ይዛ ትመጣለች።"

ታም አበሰለችው። ምንጣፉን ደጅ አነጠፍሁ፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያይ ብዬ ነው። አዩም። በረዶ ሻጯ እስክታልፍ ድረስ አንገቷ ዞሮ ነበር። የላዩን ወገን በላን። አጥንቱን እኔ አነሣሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ከጭንቅላቱ ጀምሬ፣ አንድም ሳይቀር። የታቹን ለእሱ አቀረብሁለት።

ሲሄድ ቢላዬን ሰጠሁት። "ቢላ የሌለው ጀልባ መሳቂያ ነው" አልሁት። ስለቱን አየ፤ ስለቱ ላይ የቀረች ነጭ የገመድ ክር አየ። ወገቡ ላይ ሻጠው።

ቀለበቱ አልጋዬ ሥር ነው። እሱ ዓመት ተኝቶበታል፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

ታም ሳህን ስታነሣ፣ "አባባ፣ ይቅር አሏቸው ማለት ነው? ገመዱን ስለቆረጡት?" አለችኝ።

"ስለ ገመዱ አልናገርም" አልኋት።

"ለእኔም?"

"ለማንም።"

አልናገርም።